ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ አመዳዩ ጫፍ፦ የቡድን የልምምድ ጉዞ ለበረዷማ ተራራ ምን ያዘጋጃል? ምንስ አያዘጋጅም?

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ደብረ ብርሃን ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ



የዛሬው ርእስ ከተማሪዎች የመጣ ነው። የተራራ ጉዞ የሚወዱ ጥቂት ወጣቶች በቡድን ተደራጅተው፣ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር መውጣትን የልምምድ ጉዟቸው አድርገው ይዘውታል። ዓላማቸው አንድ ቀን ራስ ደጀንን፣ ከተሳካላቸውም ኪሊማንጃሮን ወጥተው በረዶ መርገጥ ነው። ያቀረቡልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፤ «ይህን ዳገት ሳንደክም ከወጣን ለበረዶው ተዘጋጅተናል ማለት ነው ወይ?» የሚል። እኔም በአጭሩ ስመልስ፣ እግራችሁ ተዘጋጅቶ ይሆናል፤ እስትንፋሳችሁና ደማችሁ ግን ገና ናቸው አልኋቸው። ሁለቱ ዝግጅቶች የተለያዩ መሆናቸውን የማያውቅ ቡድን፣ ጉልበቱ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ለአደጋ የሚጋለጥበት ሁኔታ አለ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት የዛሬው ሥራዬ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቦታው ልናገር። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ማሽላና ማሾ የሚበቅልባት የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲመጡ ደብረ ሲና ይደረሳል፤ ከፍታውም ከ2500 ሜትር ያልፋል። ከደብረ ሲና በላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወጥቶ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ደጋው ይገባል። እዚያ ስንደርስ 3000 ሜትርን አልፈናል። ሀገራችን በልማድ የምትጠቀምበት የአየር ጠባይ ክፍፍል በጥናት መጻሕፍት በቁጥር ሲገለጽ፣ ቆላው ከ500 እስከ 1500 ሜትር፣ ወይና ደጋው እስከ 2300፣ ደጋው እስከ 3200 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። እንግዲህ ይህ ዳገት ቆላን፣ ወይና ደጋንና ደጋን በአንድ ትንፋሽ ያቋርጣል ማለት ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ እስከ መንዝ ጓሳ የቀጠለ ሰው ደግሞ አራተኛውን ይጨምራል። ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት በራሱ ሥርዐት ሲጠብቀው የኖረ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ሣራማ ምድር ነው፤ በበጋ ሌሊቶች የጓሳው ሣር በውርጭ ነጥቶ ያድራል።

የይፋት ሰው ይህን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ልምምድ ብሎ አልነበረም። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በይፋት ሲነግሥ፣ የኃይሉ አንዱ ምንጭ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚያልፈው ንግድ ነበር። በኋላም በሸዋ ነገሥታት ዘመን፣ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የአርጎባ ነጋዴዎች፣ የአፋር ሰዎችና ደገኞች የሚገናኙባት ገበያ ሆነች። በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክት ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ የግመል ጉዞው ያበቃው ከዳገቱ ሥር ፋሪ ላይ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግመል ስለማይወጣ ዕቃው ወደ ሰው ጫንቃ ተዛወረ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ጌጥ ብዬ አይደለም። የጥንቱ ንግድ ቆላውን ከደጋው ያገናኘው መካከል ላይ ማረፊያ እያደረገ ነው። ዛሬ አውቶቡስ በአንድና በሁለት ሰዓት የሚያሻግረንን ከፍታ፣ ያኔ ሰውም ከብትም ደረጃ በደረጃ ነበር የሚያልፈው። ሰውነታችን የተሠራው ለዚያኛው ፍጥነት ነው።

ስለ በረዶው

በረዶ በኢትዮጵያ አለ ወይ? ይህ ጥያቄ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ አዱሊስ ላይ ካገኛቸው የግሪክኛ ጽሑፎች አንዱ፣ ስሙ በጽሑፉ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ያደረጋቸውን ዘመቻዎች የሚተርክ ነበር። ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ በሰሜን ተራሮች የሚኖሩትን ሰዎች እንደወጋ፣ ሠራዊቱም እስከ ጉልበት በሚደርስ አመዳይ ውስጥ እንዳለፈ ይናገራል። በቡድን ሆኖ ወደ በረዷማ ተራራ ስለ መውጣት በሀገራችን የተጻፈ፣ እስካሁን የማውቀው የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ነው። ኢየሱሳዊው ሎቦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በረዶውን መስክሯል። ጄምስ ብሩስ ግን በሰሜን ተራሮች በረዶ አላየሁም ብሎ ጻፈ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሄንሪ ሶልት ራሱ በረዶውን ካየ በኋላ የብሩስን ነገር ሲያብራራ፣ ሰውየው ያላየው ከግርጌው በላይ ስላልወጣ ነው አለ። ከሥር ሆኖ ስለ ላይኛው መፍረድ፣ እንግዲህ፣ የእኛ ተማሪዎች የጀመሩት ነገር አይደለም።

ዛሬ በኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ ያለበት ጫፍ የለም። በቀደመው የበረዶ ዘመን በሰሜንም በባሌም ተራሮች ላይ ግግር በረዶ እንደነበረ ድንጋዩና አፈሩ ይመሰክራሉ፤ አሁን ግን ራስ ደጀን ላይ የሚታየው በዝናብና በብርድ ወቅት የሚጥልና ብዙ ሳይቆይ የሚቀልጥ ነው። በኪሊማንጃሮ እንኳ በ1912 እ.ኤ.አ. ከተለካው ግግር በረዶ ከአምስቱ እጅ አራቱ ያህል ጠፍቷል። ቋንቋችን ለእነዚህ ነገሮች የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን በረዶ፣ እንደ ባዘቶ የሚነጥፈውን አመዳይ፣ ሣሩ ላይ የሚያድረውን ውርጭ እንላለን። ተራራ ወጪ ሦስቱንም በተለያየ መንገድ ይገጥማቸዋል፤ በአንድ ቃል «በረዶ» ብሎ የተዘጋጀ ቡድን ለየትኛው እንደተዘጋጀ አያውቅም።

አየሩ ሲሳሳ

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በማንኛውም ከፍታ ላይ ከአየሩ ውስጥ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የሚቀንሰው መጠኑ ሳይሆን ወደ ሳንባችን የሚገፋው ግፊት ነው። በባሕር ዳርቻ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 86 ገደማ፣ ጣርማ በር ላይ 70 ገደማ፣ 4550 ሜትር ገደማ በሆነው የራስ ደጀን ጫፍ ላይ 58 ገደማ ይሆናል፤ 5895 ሜትር ላይ ባለው የኪሊማንጃሮ ጫፍ ግማሽ ያህል ብቻ ይቀራል። ከቆላ የተነሣው ተማሪያችን ጣርማ በር ሲደርስ ያየው ለውጥ ከባድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጫፉ ላይ ከሚጠብቀው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው ምላሽ በአንድ ጊዜ የሚመጣ አይደለም። በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ልብም ይመታል። ትንፋሽ ሲበዛ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይወጣና የደሙ የአሲድነት ሚዛን ይዛባል፤ አእምሮም ትንፋሹን መልሶ ያፍነዋል። ይህን ሚዛን የሚያስተካክለው ኩላሊት ነው፤ ሥራውንም ለመሥራት ቀናት ይፈልጋል። ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝዘው ሆርሞን በሰዓታት ውስጥ ቢጨምርም፣ ደሙ ራሱ በሚታይ መጠን እስኪለወጥ ሳምንታት ያልፋሉ። ከእነዚህ ሂደቶች አንዱም በሩጫ አይፋጠንም። በቀን ጣርማ በር ወጥቶ ማታ ሸዋ ሮቢት የተመለሰ ሰው ኩላሊቱን ለሥራው ጊዜ አልሰጠውም፤ ያሠራው ጡንቻውን ነው። ይህን የጉዞ ዓይነት አሥር ጊዜ ቢደግሙት እግር ይበረታል። ከከፍታ ለመላመድ ግን ጓሳ ላይ የሚታደሩ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ከአሥሩ ጉዞዎች ይበልጣሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ «እኛ ኢትዮጵያውያን እኮ የደጋ ሰዎች ነን፤ የከፍታ ሕመም የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል። ይህ አባባል ከእውነት የተቆረሰ ነው፤ ግን ቁራሽ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መረመሩ። የሄሞግሎቢን መጠናቸውም በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌትም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አገኙት፤ ሙሌቱ በአማካይ ከ95 በመቶ በላይ ነበር። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውን ከፍ አድርገው ነው የተቋቋሙት፤ የቲቤቶቹ ደግሞ ሙሌታቸው ዝቅ እያለ ነው የሚኖሩት። የእኛ ደገኞች መንገድ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ መሆኑ ዓለምን አስደንቋል። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ጉዳዩን አወሳስበውታል፤ በባሌ ከፍታ ላይ የሚኖሩት ኦሮሞዎች በሰሜን ከሚኖሩት አማሮች ይልቅ ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን እንዳላቸው ታይቷል። ምክንያት ሆኖ የቀረበውም የመጀመሪያዎቹ ወደ ከፍታው የወጡት ከ500 ዓመት ገደማ ወዲህ መሆኑ ነው። በመካከሉ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር፣ ባሌ ውስጥ ፍንጫ ሃበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ 3469 ሜትር ላይ፣ ከ47000 እስከ 31000 ዓመታት በፊት ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ፣ ከግግር በረዶ የሚወርድ ውኃ እየጠጡ ይኖሩ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚህ ሀገር ሰውና በረዶ የቆየ ትውውቅ አላቸው።

ነገር ግን እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የሚናገሩት እዚያው ከፍታ ላይ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ስለሚኖር ሰው ነው። «ኢትዮጵያዊ» ወይም «አማራ» የሚል መጠሪያ የከፍታ መለኪያ አይደለም። ሸዋ ሮቢት፣ ካራ ቆሬ ወይም አጣዬ ተወልዶ ያደገ ልጅ አያቱ ከመንዝ ቢመጡ እንኳ፣ ሳንባው ያደገው በ1300 ሜትር አየር ነው። የአያቱን ርስት ይወርስ ይሆናል፤ የአያቱን የሰሞኑን እንቅልፍ ግን አይወርስም። ከከፍታ መላመድ ማለት በአብዛኛው ያለፉትን ሳምንታት የት አደርህ ማለት ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች ይህ ነገር በጣም ቅርብ ነው። ይህ የተቀመጥንበት አዳራሽ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከይፋት የመጣ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱን እያመመው፣ ደረጃ ሲወጣ እያለከለከ ያሳልፋል፤ ከዚያ ይረሳዋል፤ ሰውነቱ ለምዷልና። በዚያው ሳምንት ወደ ሰሜን ቢሄድ ጉዞው የሚጀመርበት ደባርቅ ከዚህ ከተማ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ስላለው፣ የመጀመሪያውን እርከን ተሻግሮ ጀምሯል ማለት ነው። ክረምቱን ቤተሰቡ ዘንድ ቆላ ከርሞ ከመጣ ግን ያ ልማድ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። እንግዲህ ከዕረፍት መልስ ወዲያው የሚዘጋጅ የራስ ደጀን ጉዞ፣ ከደብረ ብርሃን ልጅ ጎን ለጎን የሸዋ ሮቢትን ልጅ አሰልፎ ሲሄድ፣ በጉልበት እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎችን ከ1500 ሜትር ልዩነት ላይ ነው የሚያስነሣው። ሁለቱም ይህን አያውቁም። አንዱ ሲደክም ሌላው «ዛሬ ምን ነካህ?» ይለዋል።

ዳገቱ የሚሰጠን ነገር

እስካሁን የተናገርሁት የይፋትን ዳገት ያጣጣልሁ አስመስሎኝ ይሆናል። በተቃራኒው ነው፤ ይህን የመሰለ የልምምድ ሜዳ ያለው አካባቢ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሌቪንና ስትሬይ ገንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 39 ሯጮችን በሦስት ከፍለው፣ ከፍ ብሎ እያደሩ ዝቅ ብሎ መለማመድ ምን እንደሚያስገኝ ፈተሹ። ያደሩት 2500 ሜትር ላይ ነው፤ የተለማመዱት 1250 ሜትር ላይ። ከአራት ሳምንት በኋላ በ5000 ሜትር ሩጫ ሰዓታቸውን ያሻሻሉት እነዚህ ናቸው፤ ከፍ ብለው አድረው እዚያው የተለማመዱት አላሻሻሉም። ቁጥሮቹን አስተውሉ። 2500 ደብረ ሲና ናት፤ 1250 ሸዋ ሮቢት ናት ማለት ይቻላል። እነርሱ በሁለት ከተሞች መካከል እየተመላለሱ ያገኙትን፣ የእኛ የአስፋልት መንገድ በ35 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይዞታል። ስለዚህ ተማሪዎቹ የያዙትን ሥርዐት ገልብጡት እላለሁ። ቆላ እያደሩ ደጋ መለማመድን ትተው፣ ደብረ ሲና ወይም ደብረ ብርሃን እያደሩ ቆላውን ለጠንካራው ልምምድ ይጠቀሙበት።

ጉዞውን በእግር ለሚያደርጉት ደግሞ ቀላል ስሌት አለ። ስኮትላንዳዊው ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይሰጣል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና ያለውን የመኪና መንገድ በዚህ ብናሰላው 7 ሰዓት ለርቀቱ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ለዳገቱ ይወጣል፤ ዕረፍትና ምሳ ሳይቆጠር። ሙቀቱ የሚበረታው ደግሞ ቆላው ክፍል ላይ ነው። እንግዲህ ጣርማ በርን በዚያው ቀን መጨመር ለጀማሪ ቡድን ጥበብ አይደለም፤ ደብረ ሲና አድሮ በማግሥቱ መቀጠል ነው። ለስንቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሶና የደብረ ሲና ቆሎ በከፍታ ላይ ሰውነት የሚመርጠውን ኃይል ሰጪ ምግብ ይይዛሉ፤ የማይበላሽ፣ ቀላል፣ እየተራመዱ የሚቆረጠም። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በእግር መንገድ መሄድ ከከባድ መኪናዎቹ ያድናል፤ ይህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ብዙ መከራ ስላየ ግን፣ ያለ አካባቢው ሰው ፈቃድና ምክር ማንም እንግዳ ቡድን ይዞ በመንደር ውስጥ ማለፍ የለበትም።

አብዛኛው ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ እግርን የሚሰብረው ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይሸከማል፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ ጡንቻውን በጥቃቅን ይጎዳዋል። ሕመሙም በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ይበረታል። ደስ የሚለው ነገር፣ አንድ ጊዜ በልኩ የወረደ ጡንቻ ለሚቀጥለው ሳምንታት ራሱን ይጠብቃል። ተራራ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ጫፉን ነክቶ ሲመለስ ስለሆነ፣ ከጣርማ በር ወደ ይፋት የሚደረግ ቁልቁለት ከዳገቱ ባላነሰ የልምምዱ አካል ሊሆን ይገባል። መኪና ይዞ ወጥቶ በእግር መውረድም ልምምድ ነው።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ብቻ። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት 30 ዲግሪ ሲሆን ጣርማ በር 18 ገደማ ነው፤ ነፋሱና ጉሙ ሲጨመር ከዚያ ያነሰ ይሰማል። የቆላው ጋቢ ጥጥ ነው፤ ሲረጥብ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ ውኃውንም ተሸክሞ ይከብዳል። የመንዙ ባና የበግ ጠጉር ነው፤ ረጥቦም ያሞቃል። መንዜዎች ይህን ያወቁት ከቤተ ሙከራ አይደለም። አመዳይ ባለበት ደግሞ ፀሐይ ከላይም ከታችም ትመጣለች፤ አዲስ አመዳይ የሚያቃጥለውን ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ያንጸባርቃል። ጥቁር መነጽር እዚያ ላይ ጌጥ አይደለም፤ ያለ እርሱ ዓይን በአንድ ቀን ሊቃጠል ይችላል።

ቡድኑ

የከፍታ ሕመም የሚጀምረው በራስ ምታት ነው። በዓለም የሚሠራበት የሌክ ሉዊዝ መመዘኛ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል አራት ምልክቶችን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ ድካም፣ ማዞር። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ራስ ምታት ኖሮ ድምሩ 3 ከደረሰ ሰውየው ታሟል። መመዘኛው ኦክስጅን መለኪያም ሐኪምም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ታማሚው እውነቱን እንዲናገር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሰውነት ብርታት ከከፍታ ሕመም እንደማይከላከል በተደጋጋሚ ታይቷል። ብርቱው ወጣት እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚወጣ ይበልጥ ይጋለጣል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ባልንጀራ ፊት ደከመኝ ማለት ነውር ነው። ራሱን እያመመው የሚስቅ፣ ምግብ አልወርድ ብሎት «ጠግቤአለሁ» የሚል፣ ለጓደኞቹ ሲል ጉዞውን ላለማሰናከል ዝም የሚል ልጅ ጥሩ ልጅ ይባላል። ሜዳ ላይ ይህ ጨዋነት ነው። 4000 ሜትር ላይ ግን ራስ ምታቱ በሌሊት ወደ አንጎል እብጠት ሊሻገር ይችላል፤ ሰውየው እንደ ሰካራም መንገዳገድ ይጀምራል፤ ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መሄድ ያቅተዋል። ወይም ሳንባው ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያስለዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ መድኃኒቱም ወዲያው መውረድ ነው።

ስለዚህ የቡድን የልምምድ ጉዞ ትልቁ ጥቅም እግርን ማጠንከሩ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ጥቅሙ አደጋ በሌለበት በጣርማ በር ከፍታ ላይ፣ «አሞኛል» ማለትን ልማድ ማድረጉ ነው። ማታ ማታ አስተባባሪው እያንዳንዱን ሰው በየተራ አራቱን ጥያቄዎች ይጠይቀው፤ ራሱም በሌላ ሰው ይጠየቅ። መጀመሪያ ላይ ይሳቅበታል፤ በሦስተኛው ማታ እንደ ቡና ሥርዐት ይሆናል። ፍጥነቱን ከፊት የሚመራው ብርቱ ሰው አይወስን፤ ቀርፋፋው ከፊት ይሁን፤ ብርቱው ከኋላ የመጨረሻውን ሰው ይጠብቅ። ከ3000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን እዚያው ይታደር። የሰሜን ጉዞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሳንቃበር 3250፣ ግጭ 3600፣ ጨነቅ 3620 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ከከፍታ ጋር መላመድን እንደሚያፋጥን ይታወቃል፤ ነገር ግን የሚወሰደው በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ቀስ ብሎ መውጣትንም አይተካም።

በመጨረሻ የይፋትን ቡድን ብቻ የሚመለከት፣ በውጭ አገር የተጻፉ የተራራ መመሪያዎች ብዙም የማያነሡት ጉዳይ አለ። ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ የወባ ምድር ናቸው። አደገኛው የወባ ዓይነት ትንኟ ከነከሰች በኋላ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። የልምምድ ጉዞውን ሸዋ ሮቢት አድሮ የጀመረ ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት ራስ ደጀን ግርጌ ላይ ይገኝ ይሆናል። በዚያ ሌሊት አንዱ ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ደከመኝ ቢል፣ ምልክቱ የሁለቱም በሽታ ነው። የከፍታ ሕመም ብቻውን ከፍተኛ ትኩሳትና ብርክ አያመጣም፤ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበውና የሚያተኩስ ሰው ከቆላ ይዞት የመጣው ነገር ሊኖር እንደሚችል መጠርጠር ያስፈልጋል። ደግሞም ወባና የአንጀት ጥገኛ ትሎች ደም ያሳንሳሉ፤ ደሙ ያነሰ ሰው በሳሳው አየር ላይ እጥፍ ይቸገራል። ስለዚህ ከቆላ የሚነሡ አባላት ከጉዞው በፊት ሄሞግሎቢናቸውን እንዲለኩ፣ ሸዋ ሮቢት ሲያድሩም በአጎበር ውስጥ እንዲተኙ እመክራለሁ። ተራራው ላይ ሆነው ሁለቱን በሽታዎች መለየት ያቃታቸው እንደሆነ መከራከር አያስፈልጋቸውም፤ ለሊቱም ቢሆን ከሁለት ሰዎች ጋር ታማሚውን ያውርዱት። ለአንደኛው መውረዱ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ የደም ምርመራው ያለው ከታች ደባርቅ ነው።